ሆድ ጠግቦ አካል ሲራብ



ስለ ረኃብ ሲነገር ብዙውን ጊዜ በዓይናችን ላይ የሚመጣው ባዶ ጎተራ ነው። ዝናብ ቀርቶ፣ ወይም ውርጭና በረዶ ሰብሉን መትቶ፣ ገበሬው ከብቱን ሸጦ ከቀየው ሲነሣ እናስባለን። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ እንዲህ ያለው ረኃብ እንግዳ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያነሡት ድምፃቸው ይለወጣል። ነገር ግን ከዚህ ሌላ፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ከቤት የማይወጣ ድምፅ አልባ ረኃብ አለ። ልጁ ቆሎውን ይቆረጥማል፣ እንጀራውን ይበላል፣ «ጠገብሁ» ብሎም ከገበታው ይነሣል። ዳሩ ግን ቁመቱ ከዕድሜው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጉንፋኑና ተቅማጡ አይለቀውም፤ ትምህርት ቤት ሲገባም ትምህርቱ አይዘልቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአገሪቱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 38ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 ነበር። ክልሉ እህል በብዛት ከሚመረትባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት የክልሉ ቁጥር ወደ 41 ዝቅ ብሏል። መሻሻል አለ፤ ሆኖም ከ10 ሕፃናት 4ቱ ማለት ገና ብዙ ነው። እንግዲህ እህል ባለበት አገር ልጅ ስለ ምን ይቀጭጫል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ምግብ ከምን ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የግድ አስፈላጊ የሚባሉት እነማን ናቸው?

ሰውነታችን ብዙ ነገሮችን ራሱ መሥራት ይችላል። የማይችላቸውም አሉ። እነዚህን ከምግብ ካላገኘ ሥራው ይጓደላል፤ ስለዚህም የግድ አስፈላጊ ንጥረ ምግቦች ይባላሉ። እነርሱም ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች 9ኙ፣ ከቅባት 2ቱ ዓይነት፣ 13 ቪታሚኖች፣ 15 ያህል ማዕድናትና ውኃ ናቸው። ለሥራና ለሙቀት የሚሆነው ኃይል በዚህ ላይ ይጨመራል።

ይህ እውቀት የተገኘው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም፣ ድዳቸው እየደማና ጉልበታቸው እየከዳ የነበሩትን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ ልዩ ልዩ ነገር አበላቸው። ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። እነዚያ መርከበኞች በየቀኑ ደረቅ ብስኩትና ሥጋ ይሰጣቸው ነበር፤ ሆዳቸው አልጎደለም። የጎደላቸው ዛሬ ቪታሚን ሲ የምንለው ነገር ነበር። የቀጨጨው የደጋ ልጅም ጉዳይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

በቀድሞ ዘመን የጤና ትምህርት ምግብን በሦስት ይከፍል ነበር፤ ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ። ክፍፍሉ ለማስታወስ ቀላል ስለ ሆነ እኛም በዚሁ መንገድ እንሄዳለን።

ኃይልና ሙቀት ሰጪ ምግቦች

በመሐል ሜዳና በዙሪያው፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ምድር፣ የማዕዱ ንጉሥ ገብስ ነው። ገብስ እንጀራ ይሆናል፣ ዳቦ ይሆናል፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ገንፎ፣ ቂንጬና ጠላም ይሆናል። ወደ መርሐቤቴ ወርደን ወደ ጀማ ሸለቆ ስንጠጋ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይተኩታል። እነዚህ ሁሉ ባመዛኙ ካርቦሃይድሬት ናቸው። መቶ ግራም የገብስ ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። በብርድ አገር ማረሻ ለሚጨብጥና ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅባት ደግሞ በክብደቱ ሲመዘን ከካርቦሃይድሬት ከእጥፍ በላይ ኃይል አለው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል። ከዚህም በላይ ሰውነታችን ሊሠራቸው የማይችላቸው ሁለት የቅባት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው በኑግና በሱፍ ዘይት ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሁለተኛው፣ ለአእምሮና ለዓይን ዕድገት የሚያስፈልገው፣ ከእህሎች ሁሉ አብልጦ የሚገኘው በተልባ ውስጥ ነው። የመንዝ ገበሬ ተልባን ከጥንት ጀምሮ ያመርታል። ተቆልታና ተወቅጣ በውኃ የተበጠበጠችው ተልባ የጾም መጠጥና የጨጓራ ማለስለሻ ብቻ ተደርጋ ትታያለች፤ በሌላ አገር ግን ይህን ቅባት ለማግኘት ሰዎች በውድ ዋጋ ይገዟታል። ተልባው ሁሉ ለነጋዴ ከሚሄድ ጥቂቱ ለቤት ቢቀር ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ሰውነት ገንቢ ምግቦች

ጡንቻ፣ ደም፣ ቆዳና ሌላውም የአካል ክፍል የሚገነባው ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲንን እንደ ግንብ ብናስበው አሚኖ አሲዶቹ ድንጋዮቹ ናቸው። ከዘጠኙ አንዱ ቢያጥር ሌሎቹ ቢትረፈረፉም ግንቡ እዚያው ላይ ይቆማል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና አይብ ዘጠኙንም አሟልተው ይይዛሉ። ገብስ ግን ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ባቄላ፣ አተርና ምስር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮ፣ ቆሎንም ከባቄላ ጋር ሲያቀርቡ የኖሩት ነገር በሳይንስ ሚዛን ሲመዘን ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1933 ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉ ሐኪም በዛሬይቱ ጋና ሆዳቸውና እግራቸው ያበጠ፣ ጠጉራቸው የሳሳና የቀላ ሕፃናትን በሽታ ጻፉ። በኋላም የአገሩ ሰዎች የሚጠሩበትን ክዋሺዮርኮር የሚለውን ስም ለዓለም አስተዋወቁ። ትርጓሜውም ታናሹ ሲወለድ ከጡት የተነሣው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የእኛም እናቶች ይህን ልጅ ያውቁታል። ጡት ጥሎ ወደ ቀጭን አጥሚትና ወደ ደረቅ እንጀራ የሄደው፣ ሲያብጥም «ወፈረ» የሚባለው ልጅ ነው። ያ እብጠት ውፍረት አይደለም። የሁለቱንም እግር ጀርባ በጣት ተጭነን ጎድጉዶ ከቀረ ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

በዚህ ክፍል ስለ ጓያ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ነገር ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወሎ በደላንታና ዳውንት ድርቅ ገብቶ ሕዝቡ በጓያ ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ፣ ከ2,000 በላይ ሰዎች እግራቸው ተሳስሮ አካለ ስንኩል ሆነው ቀርተዋል። ከበሽታው የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ጓያ የሚበላ ቤተ ሰብ ዘፍዝፎ ውኃውን ይድፋ፤ ከገብስ፣ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ይቀላቅለው፤ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ አያድርገው። በችግር ዘመን እህል ፈጥኖ መድረስ ያለበት ስለ ረኃቡ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ወደዚህ እንዳይገፉም ጭምር ነው።

በሽታ ተከላካይ ምግቦች

ቪታሚኖችና ማዕድናት የሚያስፈልጉን በጣም በትንሹ ነው። ጉድለታቸው ግን የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ አይደለም።

ቪታሚን ኤ ለዓይንና በሽታን ለመቋቋም ነው። ሲጎድል መጀመሪያ ዳፍንት ይመጣል፤ ልጁ ሲመሽ እየተደናበረ ከዕቃ ጋር ይጋጫል። እየቆየ ዓይን ሊጠፋ ይችላል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረታሉ። በጉበት፣ በእንቁላል አስኳል፣ በቅቤና በወተት፣ እንዲሁም በካሮት፣ በዱባና በሐበሻ ጎመን ይገኛል። ከአትክልት የሚገኘው በደንብ የሚዋሐደን ጥቂት ቅባት ሲጨመርበት ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ በጤና ሠራተኛ የሚሰጠው የቪታሚን ኤ ጠብታ እንዳያመልጥ ወላጆችን ማሳሰብ ይገባል።

ቪታሚን ዲ በአብዛኛው የሚመጣው ከፀሐይ ነው። በደጋው ብርድ ምክንያት ጨቅላው ተጠቅልሎ ጭስ ባለበት ቤት ይውላል። ይህ አጥንት እንዲለሰልስና እግር እንዲወላገድ ሊያደርግ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ እጁንና እግሩን ገልጦ ጥቂት ጊዜ ማቆየት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ፎሊክ አሲድ በባቄላ፣ በምስርና በአረንጓዴ ቅጠሎች ይገኛል። የጽንሱ አከርካሪና አንጎል የሚያርፍበት ቧንቧ የሚዘጋው ከተፀነሰ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት መፀነሷን ገና ሳታውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ንጥረ ምግብ ለመውለድ የደረሱ ሴቶች ሁሉ ጉዳይ ነው።

ብረት ደምን ይሠራል። በ2016 በዚያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ 100 ሕፃናት 57ቱ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው 100 ሴቶችም 24ቱ ደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ብረት ሞልቷል፤ ነገር ግን ፊቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል፤ ዚንክንም እንዲሁ ያስራል። ሊጡ ሲቦካ ወይም እህሉ ሲበቅል ይህ ማሰሪያ ይላላል። ጥቂት ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከምግቡ ጋር መብላት ብረቱ እንዲዋሐድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ቡናው ይቅር አንልም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ብቻ ይበቃል።

በዚህ ረገድ ሳማን ማስታወስ ተገቢ ነው። በደጋው አጥር ሥርና በየቤቱ ጓሮ የሚበቅለው ሳማ በክረምት፣ እህል በሚሳሳበት ወራት፣ ለጋ ቅጠሉ ተለቅሞና ተቀቅሎ ይበላል። ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል። ብረትና ካልሲየም በብዛት አለው። ብዙዎች ግን የድኻ ምግብ ነው ብለው እንግዳ ሲመጣ ይደብቁታል። ሊያሳፍረን የሚገባው ሳማውን መብላት አይደለም።

አዮዲን የሚያስፈልገን በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ያህል ነው፤ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ማለት ነው። በተራራማ አገር ዝናቡ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ እህሉም ውኃውም አዮዲን ያጥራቸዋል። እንቅርት የሚታየው ምልክት ነው። የማይታየው ግን ይከፋል፤ በእናቱ ማኅፀን ሳለ አዮዲን ያጣ ልጅ አእምሮው ይጎዳል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። በ2016 ጥናትም ጨዋቸው ከተመረመረው 100 ቤቶች 89ኙ አዮዲን ያለበት ጨው ይዘው ተገኝተዋል። የቤቱ ድርሻ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል መጨመር ነው።

ቪታሚን ቢ 12 ደግሞ በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ብቻ ነው።

ስለ ጾም

በእነዚህ ወረዳዎች አብዛኛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። ረቡዕና ዓርብን ዐቢይ ጾምንም ጨምሮ የጾሙ ቀን በዓመት ከ180 ያላነሰ ነው። በዚህ ጉዳይ የምንናገረው በአክብሮት ሊሆን ይገባል። የጾም ገበታ ራሱ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ኑጉ፣ ተልባውና ጎመኑ ሲሟላ ለጤነኛ ዐዋቂ መልካም ገበታ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን እንዲጾሙ አታስገድድም። ችግሩ ያለው በወጥ ቤት ነው። ድስቱና ጭልፋው ወተትና ቅቤ እንዳይነካው ስለሚፈለግ ልጁ ሳይጾም ጾመኛ ይሆናል። በዐቢይ ጾም ብቻ ይህ 55 ቀን ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ለልጁ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ መመደብ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር መልካም ነው። የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ትምህርት ለብቻቸው ከማስተማር ይልቅ ካህናቱን ይዘው ቢያስተምሩ ይሰማል።

የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት

ከፅንስ ጀምሮ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው ያሉት ቀናት 1,000 ያህል ናቸው። በዚህ ጊዜ የታጣው ዕድገት በኋላ በሚሰጥ ምግብ አብዛኛው አይመለስም። መንግሥትም በዋግ ኽምራ ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ያወጀው ዓላማ፣ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት ነው።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውኃም፣ ቅቤም፣ ተልባም አያስፈልግም። ከ6 ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም። የዚህ ዕድሜ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ ሦስት የቡና ሲኒ ያህል ቢይዝ ነው። ያችን ቦታ በቀጭን አጥሚት ከሞላናት ውኃ አጠገብነው ማለት ነው። ስለዚህ ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፍራም ይሁን። ሦስት እጅ የገብስ ዱቄት ከአንድ እጅ ከተቆላና ከተከካ የባቄላ ወይም የምስር ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ማብሰል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል ማድረግ፣ ሲገኝ እንቁላል መምታት ወይም በወተት ማገንፋት፣ ደቀቅ ተደርጎ የበሰለ ጎመን ወይም ካሮት መጨመር ነው። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ይመገብ። ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። እህልን ከጥራጥሬ የማዋሐዱ ሐሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ብዙዎች በልጅነታቸው የሚያውቁት ፋፋም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ሁሉ በንጹሕ ውኃና በታጠበ እጅ ካልተደገፈ ግን ከንቱ ይሆናል። ተቅማጥና የሆድ ትል የበላውን ንጥረ ምግብ ይዘው ይሄዳሉ።

ለጉባኤያትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

በኢትዮጵያ በችግር ጊዜ ሲሰጥ የቆየው መደበኛ ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ያህል ዘይት ነው። አንዳንድ ወዳጆች «ስንዴው እያለ ምስሩና ዘይቱ ለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ከላይ የተነገረው መልሱ ነው። ስንዴው ሕይወትን ያቆያል፤ ግንቡን ግን ብቻውን አይሠራም። እንዲሁም በፋብሪካ ዱቄት ላይ ቪታሚንና ማዕድን መጨመር መልካም ሥራ ቢሆንም የገዛ ገብሱን በመንደር ወፍጮ ለሚያስፈጭ የግሼ ገበሬ ብዙም አይደርሰውም። ለእርሱ የሚደርሰው የጎመንና የካሮት ዘር፣ ሁለት ዶሮ፣ የምንጭ ማጎልበትና የጓሮ ውኃ ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ ከእህል ጭነት ይልቅ በፎቶግራፍ ሲታይ ትንሽ ይመስላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አንርሳ። የደጋዋ እናት እንቁላሉን፣ ቅቤውንና በጉን ገበያ የምታወጣው ልጇን ስለማትወድ አይደለም። ጨው፣ ጋዝ፣ ደብተርና የማዳበሪያ ዕዳ ከዚያው ይወጣሉ። «እንቁላል አትሽጪ» ብሎ ማስተማር ቀላል ነው፤ ዕዳውን ግን አስተማሪው አይከፍልላትም። «ከሰባቱ እንቁላል ሁለቱን ለትንሹ ልጅ አስቀሪ» ብንላት ግን ልታደርገው ትችላለች። ባልዋም በተገኘበት ቢነገር የተሻለ ነው፤ ገበያ የሚወጣውን ነገር ሁለቱ ናቸውና የሚወስኑት።

ወደ ቤት ስትገቡ ጎተራውን ብቻ አትዩ። ትንሹን ልጅ ጥሩትና በእጃችሁ ያዙት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ መሐል በመለኪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አደጋ ላይ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይወሰድ። ከ12.5 ካነሰም ክትትል ያሻዋል። ከዚያ እናቱን «ዛሬ ምን በላ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሷንም እስከ መጨረሻው አድምጡ።